መስታወቱ ላይ የቀረው ፊት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ስድስት ኩባያና አንድ የሠርግ ሳህን ላይ ፎቶ አተምኩ። መብራት ሁለቴ ሄደ። ማሽኑ እስኪግል ስጠብቅ ግማሽ ቀን አለቀ።

ከሰዓት እትዬ ፋናዬ መጡ፣ ከገበያው በላይ የሚኖሩት። አምና ልጃቸው የኋላሸት የአዳማ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ነው የሞተው። ፎቶውን ሴራሚክ ላይ አትሜላቸው መቃብሩ ላይ ሊያስለጥፉት ይፈልጋሉ። በእኛ በሙስሊሞቹ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ግን ገባኝ።

"ሌላ ፎቶ የለም?" አልኳቸው።

"ስልኩ አብሮት ጠፋ። ይኼው ብቻ ነው የቀረኝ፣ ልጄ።"

ከነፍሬሙ ሰጡኝ። ሙት ዓመቱ ጥቅምት 24 ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ምን አድርጌ ነው...

ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ነበር። ከነመስታወቱ ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ። አውቃለሁ እኮ! ስንት ዓመት ሠራሁበት? ብርሃን እያንጸባረቀ አስቸገረኝና ሌላ ሥራም ቆሞ ስለሚጠብቀኝ ጫፉን ይዤ ሳብኩት። ከአፍንጫው በታች ያለው በሙሉ መስታወቱ ላይ ቀረ። ላላቅቀው ስሞክር ተፈረፈረ።

ዓይኖቹ ግን ቀሩ። ያዩኛል።

አስተግፊሩላህ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ወንድሙ እንደሻው አምና ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ተነስቶ ነበር። ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ይመሳሰላሉ። የእንደሻውን አፍና አገጭ ቆርጬ ከየኋላሸት አፍንጫ በታች ገጠምኩት። ቀለሙን አስማማሁ። ማን ያውቃል?

ሴራሚኩ አምሮ ወጣ። በጣም አምሮ። ለፍሬሙም አንድ አተምኩና አዲስ መስታወት ገዝቼ ከተትኩት። የመጀመሪያው ስህተት ነበር እንበል። ይሄኛውስ ምን ሊባል ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

እትዬ ፋናዬ መጥተው ወሰዱ። ሴራሚኩን ረጅም ጊዜ አዩት። አቀረቡት፣ አራቁት።

"አምሮበታል" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ደግሞ፣ "እንዲህ ነበር እንዴ?"

"ቀለሙን ስላጠራሁት ነው፣ እትዬ" አልኩ። ምላሴ እንዴት ፈጠነ!

መርቀውኝ ሄዱ። ምነው ባይመርቁኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ ሙት ዓመቱ ነው። ጠርተውኝ ነበር። አልሄድኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

እንደሻው ቤቢ ሻወር ላለባት እህቱ ኩባያ ሊያሠራ መጣ። እናትህ ደህና ናቸው ወይ አልኩት፣ እንዲያው ለወጉ።

"ደህና አይደለችም። ፎቶው ፊት ተቀምጣ ትውላለች። 'የልጄ መልክ ጠፋኝ፣ ሳስበው ሌላ ነው፣ ሳየው ሌላ ነው' ትላለች። ዓይኗ መስሎን ሐኪም ጋ ወሰድናት። ዓይኗ ጤነኛ ነው አሉን። እርጅናው አእምሮዋን እየነካት ይሆን?"

የኩባያውን ትዕዛዝ ጻፍኩለትና ሸኘሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ለባሌ ለኢርሻድ ነገርኩት። "ዲሲ!" አለኝ በኦሮምኛ፣ "ተይው። ብትነግሪያቸው ፎቶው አይመለስ። ከተማው ከሰማ ደግሞ ማን ፎቶውን አምኖ ይሰጥሻል?"

እውነቱን ነው። ግን ሴትዮዋ አበድኩ ብለው እየፈሩ ነው እኮ። ባልተበላሸ አእምሯቸው!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ሄድኩ። እንደሻውም ቤታቸው ነበር። ቁጭ በይ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ የማልናገር መሰለኝ።

"እትዬ፣ ፎቶውን ቀድጄዋለሁ። ያ አፍ የየኋላሸት አይደለም። የእንደሻው ነው። እኔ ነኝ የቀጠልኩት።"

እንደሻው እጁን አፉ ላይ አደረገ። እሳቸው ግን፣

"አልረሳሁትም ማለት ነው?"

"አልረሱትም።"

"እኔ እኮ ልጄን የረሳሁ መስሎኝ..." አለቀሱ። ደስ ያላቸው መሰለኝና ጠጋ ብዬ እጄን ዘረጋሁላቸው። እጄን ገፉት።

"የእኔስ ፎቶ? የት ጣልሽው?"

ፍርፋሪውን በፖስታ ይዤ ነበር፣ ሰጠኋቸው። ከፍተው አዩ።

"ውጪልኝ።"

ወጣሁ። በሩ ላይ እንደሻው ተከተለኝ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን አብሮኝ ቆመ። "የኋላሸት በቆጂ ይሠራበት የነበረው ጎሚስታ ቤት ብትጠይቂ... ምናልባት" አለ በመጨረሻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

በቆጂ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጎሚስታው ባለቤት ሀሰኖ ይባላል። ስልኩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ። የጎማ፣ የጎማ፣ የልጆቹ፣ የጎማ... ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል፣ "ያውልሽ!" አለ።

የኋላሸት የአይሱዙ ጎማ አቅፎ እየሳቀ ነው። ጉንጩ በግራሶ ተለውሷል። አፉን አሁን ገና በደንብ አየሁት። የወንድሙን አፍ ምንም አይመስልም።

ስመለስ እስከ ቤቴ፣ እስከ አሰላ፣ አለቀስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

እትዬ ፋናዬን እንደሻው ይዟቸው መጣ። ሰላም አላሉኝም። ኮምፒውተሩ አጠገብ ወንበር አስጠጋሁላቸው። ፎቶውን ስከፍት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"እሱ ነው" አሉ። ለእኔ አይደለም የተናገሩት።

"ምንም ነገር ሳልጠይቅዎት አልነካም" አልኳቸው። "ግራሶውን ላጥፋው?"

"ተይው። እንደዚያ ሆኖ ነበር ቤት የሚገባው።"

አልነካሁትም። ሲታተም ዓይናቸው ከማሽኑ አልተነሳም። ሴራሚኩ ሲወጣ ገና ትኩስ ነው፣ ይቆዩ ብላቸው አልሰሙኝም። በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰዱት። በአውራ ጣታቸው ጉንጩን ጠረጉት። ደግመው ጠረጉት።

"ታጠብ ስለው መቼ ሰምቶኝ ያውቃል!" አሉና ሳቁ።

እኔን ሳያዩ ወጡ።