ቆመው እርቅ የለመኑት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጥሩነህ

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጥሩነህ ከአባታቸው ከአቶ ጥሩነህ በዳኔ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የወርቅውሃ ገብረ ኪዳን በቀድሞው ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት፣ በጎሬ ከተማ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ስለነበሩ፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ፊደል ሳይቆጥሩ ሰው እንዴት እንደሚለመን ያውቁ ነበር ይባላል።

ትምህርታቸውን በጎሬ ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ በነርስነት ተመረቁ። በ1971 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ገቡ። እንደገና ተፈትነው ላይሰንሳቸውን ካወጡ በኋላ እስከ ጡረታቸው በኩላሊት እጥበት ክፍል አገልግለዋል። በሽተኞቻቸው ይወዷቸውም ይፈሯቸውም ነበር፤ ጨው የበላን ሰው ከፊቱ ያውቁታልና።

እ.ኤ.አ. በ1986 ከአቶ ሰረቀብርሃን ሀብተ ጊዮርጊስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቢታንያንና ሚክያስን አፍርተዋል። አቶ ሰረቀብርሃን ከኦክላንድ ሳን ሆዜ እየተመላለሱ ይሠሩ ስለነበር፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ «ትዳራችንን ያጸናው የመንገዱ ትራፊክ ነው፤ ለመጣላት ጊዜ አልነበረንም» ይሉ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ካለው አፓርታማቸው ዐርፈው ይቀመጣሉ ሲባል፣ የአንድ የኩላሊት በጎ አድራጎት ድርጅት የቦርድ አባል ሆኑ። ድርጅቱ ከዓመታት በፊት፣ የዚህ ምድር ቀደምት ባለቤቶች ከሆኑት ከኦሎኒ ቤተሰቦች ለምርመራ ብሎ ደም ወስዶ፣ ውጤቱን ሳይነግራቸው ቀርቶ ነበር። ሕመማቸውን ሳያውቁ ያለፉም አሉ። ከዚያ ወዲህ የምርመራው መኪና ሲመጣ በር የሚከፍትለት ጠፋ፤ ሕመሙ ግን በር አንኳኩቶ አይገባም።

ድርጅቱ እርቅ ለማውረድ ቃል ገብቶ፣ ተበዳዮቹን ሆቴል ምሳ ኢንቫይት ሊያደርግ ሲሰናዳ ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጃቸውን አወጡ። «በዳይ ቁጭ ብሎ ተበዳይን ይጠራል እንዴ? ሄደን ደጃቸው እንቆማለን» አሉ። ዳይሬክተሩ ፓርኪንግ አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቅዳሜ፣ ዳይሬክተሩንና ቦርዱን አስከትለው የቤተሰቦቹ ታላቅ ወደሆኑት ወደ ሚስ ራሞና ቤት፣ ሳን ሆዜ ሄዱ። «ይቅር እስክንባል የሚቀመጥ የለም፤ የሚቀምስም የለም» ብለው አስጠንቅቀዋል፤ የአባታቸው የሽምግልና ደንብ ይኸው ነበር። ሚስ ራሞና ወንበር ደርድረው፣ ምግብ አቅርበው ጠበቋቸው። እንግዶቹ ግድግዳ ታክከው ቆሙ። ሚስ ራሞና አንዱን ወንበር በመዳፋቸው ጠርገው፣ «ወንበሬ ምን ሆነ? ምግቤንስ ንቃችሁ ነው?» አሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ደንግጠው ደንቡን ከሥሩ አስረዱ። ሚስ ራሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «እሱ እናንተ አገር ነው። በዚህ ቤት ሰው መጀመሪያ ይበላል» አሉ።

በሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ደግመው በሉ። በመጨረሻ ይቅርታውን ሲጠይቁ ግን ሚስ ራሞና፣ «ዛሬ የበላችሁት ምግቤን ነው። ለሌላው ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ተመለሱ። የሞቱት ሰዎች ማን እንደነበሩ፣ ምን ይወዱ እንደነበር ተቀምጠው አዳመጡ። ዳይሬክተሩም ስልካቸውን መኪና ውስጥ መተው ለመዱ። ቤተሰቦቹ ምርመራው በራሳቸው ሰዎች እንዲመራ፣ ውጤቱም ከማንም በፊት ለእነሱ እንዲነገር ጠየቁ፤ ድርጅቱ ተቀበለ። ባለፈው ዓመት የሚስ ራሞና የልጅ ልጆች ክንዳቸውን ለምርመራ ሰጡ። ሚስ ራሞና፣ «ልጆቹን ልኬያለሁ፤ እኔ ግን ገና ነኝ» አሉ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ በቆሽት ካንሰር ታመው ፓሎ አልቶ ሲታከሙ፣ ልጃቸው ቢታንያ «እማዬ፣ ታርቃችኋል አይደል? ኢትስ ዳን፣ ራይት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ገና ነው። ስሞት በሕይወት ታሪኬ ላይ ታረቀች ብላችሁ እንዳታነቡብኝ፤ ራሞና ትሰማለች» አሏት። ስለዚህ አላነበብንም።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ዮዳሄን ትተው ሄደዋል። ሚስ ራሞና ትናንት ኮል አድርገው፣ የፊታችን ቅዳሜ ቀጠሮው እንዳልቀረ አስታውቀዋል። በእናቷ ፋንታ ቢታንያ ትሄዳለች፤ ቁርስ በልታ እንዳትመጣ ተነግሯታል።

ይቅርታን የማይሰስት አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ ለቀረነውም ትዕግሥቱን ይስጠን። አሜን።