የዳማ ኮርቻ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ውርጩ ሲገባ ጉልበትሽ አልባሰብሽም? የደብራችን ጊዮርጊስ ይማርሽ። እኔ እዚህ እንጅባራ ከናፍቆትሽና ከእንቅልፍ እጦት በቀር ደህና ነኝ።

የእንቅልፉን ነገር ልንገርሽ፤ እህቴ የምስራች ቀስ ብላ ታንብብልሽ። ከዘመቻ ከተመለስኩ ወዲህ ዓይኔን ስከድን የማየው አንድ ነገር ነው። ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ አብሮኝ የዘመተውን ታናሼን ደርበውን እጠራለሁ። እሱ አይመልስም። ፈረሱ ዳማ ግን የአባባ ለቅሶ ዕለት የአባባ ፈረስ እንደተሳበው ባዶ ኮርቻ ተጭኖ ይመጣል። ጮኼ እነሳለሁ። አከራዬ እትዬ ደጊቱ ሰይጣን ነው ብላ ግድግዳውን ሁሉ ጠበል ረጨችልኝ፤ ግድግዳው ሳይሻለው አልቀረም፣ እኔ ግን ያው ነኝ።

በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ትዕግስት የምትባል ባለሙያ መጀመሪያ ቀን ቀን መተኛቱን ከለከለችኝ፤ ከትራሴ ስር የማኖረውንም ዱላ አስወጣችኝ። ቀጥላ ቅዠቱን በቀን ብርሃን እንድነግራትና መጨረሻውን እንደፈለግሁ እንድለውጠው አዘዘችኝ። ህልምም እንደ ጎጆ ክዳን ይታደሳል ወይ ብዬ ሳቅሁባት። አልተቆጣችም። እኔም ለወጥኩት፤ ደርበውን ዳማ ላይ አስቀመጥኩት፣ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። ይህንኑ በየቀኑ ለራሴ እደግመዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁን አንዳንድ ሌሊት እተኛለሁ። የሚከብደኝ መንቃቱ ነው።

ባለፈው ባስጻፍሽልኝ ደብዳቤ፣ በጥር ለፈረሰኞቹ በዓል ደርበው ይጋልበዋል ብለሽ ከአፍሽ ቀንሰሽ ለዳማ ገብስ እንደምትሰጪው፣ ሌላ ሰውም እንዳይወጣበት እንደከለከልሽ ነገርሽኝ። ለሲስተር ትዕግስት አነበብኩላት። ደብዳቤውን ተቀብላ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ የእኔን ህልም እንዳቃናን፣ የእናቴን ግን ማን እንደሚያቃናው ጠየቀችኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ እምዬ፣ በዓሉ ሳይደርስ እመጣለሁ። ለአጎቴ ለቢሻው ንገሪው፤ ዳማን አጥቦ፣ የደርበውን ኮርቻ ጭኖ ይጠብቀኝ። አልቀመጥበትም። ልጓሙን ይዤ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። ዘመድም ቀድሞ ይሰብሰብ፣ ብቻሽን አትሁኚብኝ። ይህን ስትሰሚ የምስራች እጅሽን ትያዝልኝ።

እመብርሃን ታበርታሽ። እንቅልፍም አይንሳሽ።

የቀረሁልሽ ወንድ ልጅሽ