ባዶ ወንበርዎን ስላዋሱኝ

ለተከበሩ አቶ ዓለምሰገድ፣
የከተማችን የፈጠራ ሥራ ማበረታቻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት ስብሰባ፤

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? ይህን ያህል ዘመን ከአዳራሽ አዳራሽ በፕላስቲክ ወንበር ላይ የዋለ ወገብ የከተማው ቅርስ ነውና አላህ ይጠብቅልን። እኔ ሐፍሳ አባመጫ እባላለሁ፤ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ በጠዋቱ ፈረቃ አስተምሬ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ የምጽፍ፣ ይልቁንም እርስዎ እስኪያበረታቱኝ ድረስ እጽፍ የነበርኩ ሰው ነኝ።

ምን እንደምጽፍ አንድም ቀን ስላልጠየቁኝ ልንገርዎ። የምጽፈው ስለ እናቴ ስለ ረቢያ ነው። እናቴ ስታርፍ አባቴ ቡና ሊሸጥ ቴፒ ወርዶ ነበር፤ መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ እሱ ሳይደርስ ተቀበረች። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። በመጨረሻዋ ሰዓት ስለ እሱ ያለችውን ልነግረው አፌን በከፈትኩ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ ስላስቸገረኝ፣ ጽፌ ላነብለት ቃል ገባሁ። እሱ ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ጆሮው ደግሞ ከወር ወደ ወር እየከዳው ነው፤ ሐኪሙም እንደማይመለስ ነግሮናል። እንግዲህ ሩጫዬ ከአባቴ ጆሮ ጋር ነበር፤ እርስዎ በመሐል ገቡ።

ስለዚህ አንደኛ፣ ስለ ስብሰባዎቹ አመሰግናለሁ። ጥሪውን ማኅተም መትተው ለርእሰ መምህራችን ስለሚልኩት መቅረት የማይታሰብ ሆኖ፣ «የጸሐፍትን ጊዜ ስለማክበር» በሚል ርእስ ከምሳ እስከ ማታ አስቀምጠውናል። እርስዎ ስለ ተመስጦ ሲያብራሩ አዳራሹ በሙሉ በተመስጦ ተኝቶ ነበር። ስንነቃ ምስክር ወረቀት ሰጡን፤ የእኔ «ላበረከተችው የላቀ አስተዋጽኦ» ይላል። አስተዋጽኦዬ አለማንኮራፋቴ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ ለንባብ ሳምንት ሞንታርቦ ጭኖ ሰፈራችንን ሲዞር ስለዋለው ባጃጅ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ እንዲያነብ በዚያ ጩኸት መምከር እውነትም የኃላፊ ጭንቅላት ይጠይቃል። የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው ቢውል እጽፋለሁ፤ ዝናብ ስሜን አይጠራም። ባጃጅዎ ግን «የከተማችን ኩራት ደራሲ ሐፍሳ» እያለ በመስኮቴ ስር ይመላለስ ነበር። ሐሳብ እንደ ደነበረች ዶሮ ነው ጌታዬ፤ አንዴ ካባረሩት ወደ ቆጡ የሚመለሰው ሲመሽ ነው።

ሦስተኛው እስካሁን ያንገበግበኛል። መጽሐፉ ገና ሳያልቅ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ባነር ከነፎቶዬ ገበያው መግቢያ ላይ ሰቀሉ። አጃኢብ! ሴትየዋ ሳትወልድ ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ከእርስዎ በቀር አላየሁም። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ሰው አልጠፋበትም፤ ከጌጫም ከሸዋ ቤንችም ማር ተሸክሞ መጣ። እንግዳ ከበር አይመለስምና፣ ስላልጨረስኩት መጽሐፍ ምርቃት እየተቀበልኩ ወር አለፈ። አባቴ ከእንግዶቹ መሐል ቁጭ ብሎ፣ ጨረስሽው ወይ እያለ በዓይኑ ይጠይቀኝ ነበር። እፍረቴን እኔ ነኝ የማውቀው።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ውለታ ነው። ባነሩን እንዲያወርዱልኝ ልለምንዎ ቢሮዎ መጣሁ፤ አልነበሩም። በማግስቱም አልነበሩም። ዘበኛው ጋሽ ከፈለኝ አዘኑልኝና፣ ገብተሽ ጠብቂያቸው፣ መምጣታቸውን ግን እኔ እንጃ ብለው ከፈቱልኝ። ስልክ አይጮህም፣ ባለጉዳይ አያንኳኳም፣ እርስዎን የሚፈልግ ፍጡር የለም። በከተማችን ሥራ የማይደርስበት አንድ ክፍል እንዳለ ያን ዕለት ገባኝና ወረቀቴን አወጣሁ። መጀመሪያ እጄ እምቢ አለኝ። ባለፈው ያቆምኩበትን ገጽ እንዳለ መልሼ ገለበጥኩት፤ በመሐል ሳላውቀው አዲስ መስመር ላይ ደርሼ ነበር። እንዲህ በየቀኑ እየተመላለስኩ መጽሐፌን በጠረጴዛዎ ላይ ጨረስኩ። እባክዎ ጋሽ ከፈለኝን አይቆጧቸው፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሰው ሲሠራ ያዩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ለሪፖርትዎም ይጠቅማል፤ ጽሕፈት ቤትዎ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ የፈጠራ ሥራ ወጥቶበታል።

ቤቴ በእንግዳ እንደተሞላ ስለነበር የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብኩትም እዚያው ነው፤ አባቴን በባጃጅ አምጥቼ ወንበርዎ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ያን ቃል ያለችው በሹክሹክታ ነበር፤ እኔም በሹክሹክታ እንዲነበብ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ባነሩ ከመሰቀሉ በፊት ጨርሼው ቢሆን አባቴ ይሰማኝ ነበር። ጆሮው ስር ሆኜ አነበብኩለት፤ ምን አልሽ አለኝ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ምን አልሽ አለኝ። በመጨረሻ፣ እናቴ ለባሏ ብቻ ያለችውን፣ «ጋቢውን ሳይዝ ነው የሄደው፣ ብርድ እንዳይመታው» ያለችውን፣ በመንግሥት ቢሮ ውስጥ እየጮህኩ ነገርኩት። ጋሽ ከፈለኝ ከበር ላይ ሆነው ሰምተው አለቀሱ። አባቴ እጁን ከጆሮው ሳያነሳ፣ ምን አለች፣ ረቢያ ምን አለች ይለኛል።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይህን ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ ነው የምለው፤ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ እምቢ ማለት ነበረብኝ።

ለዘለቀው ማበረታቻዎ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ከእንግዲህ ግን በማኅተምም በሞንታርቦም ቢጠሯት የማትመጣ፣

ሐፍሳ አባመጫ
ሚዛን ተፈሪ

ማሳሰቢያ፦ ጠረጴዛዎ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ስጽፍ እየተወላገደ አስቸግሮኝ ነበር። ምስክር ወረቀቴን አራት ቦታ አጥፌ ከስሩ ወትፌዋለሁ፤ ምስክር ወረቀትዎ ጽሑፍን ሲያግዝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሲመጡ እንዳያነሱት፤ ቢመጡ ማለቴ ነው።