የማይከፈለው አንድ ሺህ ዘጠኝ

ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፴

ዛሬም ብርድ። ጣቴ ብዕር አልይዝ አለ። ወደ ገሳይ ለሚወስደው መንገድ ሥራ የታፈሰውን ሰው መዝግቤ ጨረስኩ... አንድ ሺህ ዘጠኝ ነፍስ። ታናሽ ወንድሜ ጌጡም አለበት፤ ገብስ ሲያጭድ ነው የያዙት። እኔ ቁጥር ያውቃል ተብዬ ጥላ ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሰው ምን ይለኝ ይሆን? ይበል።

ኅዳር ፮

የጣሊያኑ ሻምበል በአስተርጓሚው በዑመር በኩል፣ "እኩል እኩል በቡድን ክፈላቸው፤ አንድ ሰው እንዳይበዛ፣ እንዳይጎድል" አለኝ። ቀላል መስሎኝ... በሁለት ከፈልኩ፣ አንድ ተረፈ። በሦስት፣ አንድ። በሰባትም አንድ! በአሥራ አንድ ስምንት ተረፈ። እስከ ሠላሳ አንድ ሄድኩ፤ እንቢ። ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሁለት ቁጥሩን ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ መልፋት ከንቱ ነው፣ የሚከፍለው ቢኖር እስካሁን በተገኘ። ወይ ጉድ! ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም አይከፍለው። ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ግትር ገጥሞኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል።

ኅዳር ፯

"አይከፈልም" አልኩ። ሻምበሉ ጠረጴዛውን ደበደበው። ሰነፍ መሰልኩት። እኔ ሰነፍ?! ያኔ ሐሳብ መጣልኝ። አንድ ሰው ቢወጣ አንድ ሺህ ስምንት... በሁለት፣ በሦስት፣ በሰባት፣ በዘጠኝ፣ በብዙ ይከፈላል።

"አንዱ ይሰረዝ፣ ልክ ይመጣል።"

"ማን?"

ዑመር ጥያቄውን ከተረጎመልኝ በኋላ ቀስ ብሎ፣ "መሪጌታ፣ ስም አይጥሩ" አለኝ። ምቀኛ! ገላመጥኩት።

"ጌጡ" አልኩ።

በባሕረ ሐሳብ ሙሉ ሙሉው ይጣላል፣ የተረፈችው ናት የምትያዝ። በዓል የሚወጣው በሷ ነው። የተረፈ ሰውማ ቤቱ ይገባል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ኅዳር ፰

ተኮሱበት።

ኅዳር ፱

ትናንት ጠዋት አርባ ሁለት አርባ ሁለት አድርገው አሰለፏቸው፣ ሃያ አራት ቡድን። ልክ። ጌጡን ለብቻው አቆሙት። አይቶኝ ሳቀ... ሊሄድ መስሎት። ከዚያ...

"ለቅቄ ለሽፍታ ልስጠው?" ነው ያለው ሻምበሉ። ዑመር እያለቀሰ ነገረኝ።

እኔ ነኝ ስሙን የጠራሁ? እኔ። ሌላ ስም ብጠራስ? የሌላ እናት። ኧረ በሚካኤል፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር ፲

እማዬ ከመንደር መጣች። ወንድሙን ከመዝገብ አሰረዘው የሚለውን ሰምታለች፤ የኋለኛውን የነገራት የለም። ጉንጬን ግንባሬን እያገላበጠች ሳመችኝ።

"የተማረ ይግደለኝ ማለት ለካ እውነት ነው! ተባረክ ልጄ! ታዲያ የት ገባ? ቤት አልመጣምኮ።"

"ጣራ ገዳም... ሱባኤ ገባ።"

ከየት አመጣሁት? እልል አለች። የቋጠረችውን በሶ አንጠልጥላ እዚያው ልትሄድለት ተነሳች። የሁለት ቀን መንገድ ነው። አላስቆምኳትም።