በሾላው መቆሚያ ዜሮ ሰው

ለተከበሩ አቶ ባርናባስ
የሕዝብና የጭነት ስምሪት ማሻሻያ ፕሮጀክት ኃላፊ
ዲላ

ጉዳዩ፦ የተሰረዘውን የሾላው መቆሚያና አንዲት ነፍሰ ጡርን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኛ በእመቤታችን ምልጃ፣ ከአሪቻ በላይ ባለችው ተራራማ መንደራችን፣ የትም ሳንሄድ ደኅና ነን። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ከጥቅምት ጀምሮ ስምሪቱን ለተረከበው የሒሳብ ሞዴል ረጅም ጤና እመኛለሁ፤ እሱ የታመመ ዕለት በየትኛው መኪና ሐኪም ቤት እንደሚደርስ ባላውቅም።

እኔ ወልዱ እባላለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሚስቴ ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ቆሜ የገበሬውን ቡና ስመዝን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቁጥርን የምንቅ አይደለሁም። ሚዛን አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው እጅ ነው። ይህችን ቃል ይያዙልኝ፤ ኋላ ስመለስባት የማፍረው እኔው ነኝ።

ጊዜዎን ላለመሻማት ጉዳዬን በአጭሩ ልንገርዎ። ልጄ ጽጌማርያም የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ደም ግፊቷ ከፍ ስላለ በየሳምንቱ ዲላ ሆስፒታል እንድትታይ፣ ምጥ ሲጀምራትም ሳትውል ሳታድር እንድትደርስ የጤና ኬላዋ ባለሙያ አዝዛለች። ሕፃናት ልጆቿን ጥላ አምስት ሳምንት ዲላ ልትከርም አይሆንላትም። የተነገራት ቀን ጥር ሃያ አንድ አካባቢ ነው፤ ዛሬ ታኅሣሥ ሃያ ነው። ከሾላው ሥር ጠዋት ጠዋት ትነሣ የነበረችው የዳምጠው ሚኒባስ፣ ጣራዋ ላይ ሙዝና ቆጮ ውስጧ ሰው ጭና የምትወርደው ያችው አንዲት መኪናችን፣ በሞዴሉ ትእዛዝ ወደ አስፋልቱ ተዛውራ ከዲላ ይርጋጨፌ ትመላለሳለች። ስለዚህ ልጄ የምትወርድበት የለም። ነገሬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ። በኅዳር ወር አዳራሽ ጠርታችሁን፣ ባለሙያዎ አቶ መልከጼዴቅ ግድግዳው ላይ በብርሃን እያሳዩ ላስረዱን አመሰግናለሁ። ሞዴሉ የዞኑን ሚኒባሶችና አይሱዙዎች፣ መንገዱን፣ መቆሚያውን፣ ቡናውንና ሰውን ሁሉ አንድ ላይ አስገብቶ፣ መኪና ባዶውን የሚሮጠውን ርቀትና ሰው በመንገድ የሚያባክነውን ጊዜ ከሁሉ የሚያሳንሰውን ድልድል መርጦ ያወጣል አሉን። እውነቴን ነው፣ ሐሳቡን ወደድኩት። ከዚያም የመንገደኛው የጉዞ ጊዜ በአሥራ ስምንት በመቶ መቀነሱን ሲያበስሩን አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ገባኝ። እኔ ከጥቅምት ወዲህ እስከዚያ ቀን ዲላ የወረድኩት ለስብሰባችሁ ብቻ ነበር። ጎረቤቶቼም ቤታቸው ናቸው። ቤቱ የቀረ ሰው መንገድ ላይ የሚያባክነው ጊዜ የለውም። በዚህ አያያዝ የዞኑ ሕዝብ በሙሉ ደጁን ዘግቶ ቢቀመጥ ሞዴልዎ መቶ ከመቶ ያመጣል ማለት ነውና፣ ከወዲሁ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ። ሞዴሉ ከሾላው እስከ አስፋልቱ መቆሚያ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ “በእግር የሚደረስ” ብሎ መዝግቦልናል። ለጭልፊት ልክ ነው። እኛ ግን መሐል ላይ ያለውን ገደል ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ማዶውን ወጥተን ነው አስፋልት የምናየው፤ ለጤነኛ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለልጄ ባለፈው ሳምንት አራት ሰዓት ፈጅቷል። ክንፍ ባለማብቀላችን ስለተፈጠረው የመረጃ ጉድለት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሦስተኛ። ይህኛው በእንጀራ የማውቀው ስለሆነ ትንሽ ይታገሡኝ። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመ በስምንት ሰዓት ውስጥ ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ይበላሻል። ሞዴሉም ይህን ያውቃል፤ ለዘገየ እሸት የሚቆጥረው ቅጣት አለው ተብለናል። ስለዚህ በለቀማው ወራት አይሱዙዎች በቀን ሦስት ጊዜ ከሾላው ሥር፣ ከልጄ ደጅ፣ እሸት ጭነው ሳያዛንፉ ይነሣሉ። ለዘገየች ነፍሰ ጡር ግን ምን ያህል ቅጣት እንደተቆጠረ ብጠይቅ እንዲህ ያለ መስመር የለም አሉኝ። ጭነት ለጭነት፣ ሰው ለሰው ነዋ!

ሾፌሩ ገመቹ ግን ሒሳብ አልተማረምና ከአሥር ቀን በፊት ሆዷን አይቶ መኪናውን አቆመ። “ግቢ እቴ፣ ቡናው ከኋላ ነው፣ አይቀናብሽም” ብሎ ጋቢና አስገባት። ገደሉን ዞረው ሳይጨርሱ ተቆጣጣሪዎ አስቆማቸው፣ ልጄን አወረዳት፣ የገመቹንም መንጃ ፈቃድ ለሁለት ሳምንት ያዘበት። ቡናው በሰዓቱ ደረሰ። ልጄ እስከ አስፋልቱ የቀረውን በእግሯ ሄዳ ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሟ ወጥታ ነበር። ለቡናው ስላደረጋችሁት ጥንቃቄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቡና እንደመዘነ ሰው፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

አራተኛ። በዚያው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስለ ልጄ ስናገር ጎረቤቴ አብዲሳ ከኋላዬ “ታዲያ ምን ቸገረን፣ ምጡ አስፋልት ላይ እንዲጀምራት ነግረን እንልካታለና!” ቢል ሰው ሳቀ፤ አቶ መልከጼዴቅም ፈገግ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ከመድረኩ ወርደው አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ “አባባ፣ ሞዴሉ በግምት አይሠራም፣ በመረጃ ነው። ከእናንተ መንደር የመጣው መረጃ ደግሞ በሳምንት ዜሮ ተጓዥ ነው የሚለው፤ መኪናዋን ለማን እናቁም?” አሉኝ። እኔም ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ክቡር ሆይ፣ የወጣሁት ያ ዜሮ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው።

አምስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

አምና በሰኔ ከዩኒቨርሲቲው ሀኒ የምትባል ትሑት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር፣ በጭቃ እየተንሸራተተች፣ መንደራችን ድረስ መጣች። ማን በሳምንት ስንት ጊዜ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚጭን የሚጠይቅ የእናንተን ቅጽ ይዛለች። በእኛ አገር ደግሞ ሊቆጥር የመጣ ሁሉ ኋላ ሊወስድ ይመለሳል። የቡና እግራችንን ቆጥረው ሄደው የመጡት ግብር ይዘው ነው፤ ከብቱን የቆጠሩትም እንዲሁ። ጎረቤቶቼ እኔ ዘንድ ተሰበሰቡ፤ የተማርክ አንተ ነህ፣ ምን ይሻላል አሉኝ። እኔም፣ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊው፣ ሃያ ሁለት ዓመት በሚዛን የታመንኩት ሰው፣ “ዜሮ በሉ፤ ከዜሮ ላይ የሚወሰድ የለም” አልኳቸው። ብዕሩን ይዤም ለአርባ ሦስት አባወራ በገዛ እጄ ዜሮ ጻፍኩ። ሀኒ ግራ ገብቷት፣ “አባባ፣ እውነት የትም አትሄዱም?” ብትለኝ፣ “የት እንሄዳለን ልጄ፣ ሁሉ ነገር እዚሁ አለን” አልኳት። ይህን ስላት ዳምጠው ከሾላው ሥር ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ ጡሩምባውን ይነፋ ነበር፤ የእኔኑ ልጅ እየጠበቀ።

ከስብሰባው ማግስት ይህን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደቱን ሰጡኝ፤ ጨርሼ ስመለስ፣ “ለእግዚአብሔር ነግረሃል፤ አሁን ደግሞ ሄደህ ቁጥሩን አርም” አሉኝ። ገደሉን ወርጄ፣ አስፋልቱን ይዤ፣ ቢሮዎ መጣሁ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ በጥሞና ሰማችኝ፤ ወንበርም ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ የዚህ ዙር መረጃ መዘጋቱን፣ ቀጣዩ ቆጠራ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደሆነ ነግራ፣ ያኔ እውነቱን እንድናገር መከረችኝ። ክቡርነትዎ፣ ቢሮዎ ሐሰቴን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቀብሎ መቆሚያ ሰረዘበት፤ እውነቴን ለመቀበል ግን ሦስት ዓመት ጠየቀኝ። ልጄ የቀራት አንድ ወር ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ሾላው አንድ ነገር ስለማውቅ ነው። ሚስቴ ሸዋአለም ስትወልድ ደም በዛባትና ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሮጡ። ያኔ ወደ መንደራችን የመኪና መንገድ አልነበረም። ሾላው ሥር ስንደርስ “ትንሽ አሳርፉኝ” አለች፤ አሳረፍናት፤ ከዚያ አልተነሣችም። አርባዋ በወጣ በሳምንቱ መንደሩ በሙሉ፣ ጌዴኦው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዶማና አካፋ ይዞ በደቦ ወጣና ከታች ካለው የጥርጊያ መንገድ እስከ ሾላው ድረስ ቆፈረው። ሁለት በጋ ፈጀ። ለማንም ማመልከቻ አልጻፍንም። መንገዱ ሾላው ጋ ያበቃው እሷ ያበቃችበት ስለሆነ ነው። የዚያን ቀን በቃሬዛው ራስጌ “ማርያም ማርያም” እያለች የሮጠችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጽጌማርያም ነበረች።

አሁን በጸሎት ስቆም ምን ብዬ እንደምለምን ግራ ይገባኛል። እመቤቴን ልጄን አገላግያት ስላት፣ መኪናዋን በብዕርህ ያስቀረሃት አንተ አይደለህምን የምትለኝ ይመስለኛል። ወንድሜ ነዎትና ያጽናኑኝ አልልዎትም፤ ኃላፊ ነዎትና ይፍረዱ እላለሁ። ቅጣቱ ለእኔ ይሁን፤ ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቷል ብላችሁ ብትከሱኝ በገዛ እግሬ እመጣለሁ፤ በሌላ መምጣት እንደማልችልም ታውቃላችሁ። የምለምነው ከዛሬ እስከ ጥር መጨረሻ በሳምንት አንድ ጠዋት የዳምጠው መኪና ሾላው ድረስ እንድትወጣ ነው። ይህም ካልተቻለ ገመቹ ልጄን በጋቢናው ቢያሳፍር እንዳይቀጣ አንዲት ወረቀት ይጻፉልን። ሞዴሉ ለሰው ቦታ ከሌለው እንደ አንድ ጆንያ እሸት ቁጠሯት፤ አንከፋም። እሸት ከሆነች ለመዘግየቷ ቅጣት አላት።

ስለ ሰፊ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ቀነሰው ባዶ ኪሎ ሜትርዎና ስለ ወንበሩም ጭምር እጅ እየነሣሁ፣ ሥራዎን የሰላም ያድርግልዎ፣ በደጅዎም የምታምጥ ሴት መኪና አትጣ እላለሁ።

አክባሪዎ
ወልዱ ገብረ ሥላሴ
የቀድሞ ሚዛን ሠራተኛ፣ የአርባ ሦስት ዜሮዎች ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለዳምጠው፣ አስፋልቱ ላይ
ለገመቹ፣ መንጃ ፈቃዱ ሲመለስለት
ለሒሳብ ሞዴሉ፣ የሚቀበልበት መስኮት ከታወቀ

ማሳሰቢያ፦ የንስሐ አባቴ ያዘዙኝን ለመፈጸም እርማቴን እዚሁ አስፍሬያለሁ። በቅጹ አርባ ሦስተኛ ተራ ላይ፣ በወልዱ ቤት ስም፣ ዜሮ የሚለው ተሰርዞ “ከሾላው ወደ ዲላ በሳምንት ሁለት ሰው፤ አንዱ ገና አልተወለደም” ተብሎ ይነበብ። መረጃው ተዘግቷል የምትሉ ከሆነ ግድ የለም፣ ጥር ሲያልቅ ቁጥሩን ደግሜ እልክላችኋለሁ፤ ሁለት ይሆናል፣ አንድ ይሆናል፣ ወይም ዜሮ። ዜሮ ከሆነ አትጨነቁ፤ ያን ጊዜ ቅጻችሁ ምንም እርማት አያስፈልገውም።