ለሒሳብ መምህር ዋስ ሆኜ ሒሳብ አስተማሪ ስለመሆኔ

ቡታጅራ፣ መጋቢት 10 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዱባለ
የአስተማሪዎች ማሠልጠኛው የሠራተኛ አስተዳደር ሹም

ክቡር ሆይ፣ አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ወንበርዎም እንደ ሠራተኞችዎ ጥሎዎት እንዳይሄድ ዘወትር ዱአ እናደርጋለን።

እኔ ከገበያው በላይ በርበሬ የምሸጠው ሙሀመድአወል ከድሮ ነኝ። የሒሳቡ መምህር ሸረፋ እናቱ ሞታበት ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ቆሼ ለመሄድ የሦስት ቀን ፈቃድ ቢለምንዎ፣ እንደሚመለስ ዋስ እንዲጠራ ባዘዙት መሠረት በደስታ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ሰውዬው ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ዋሱ ይተካ ብለው ጠመኔ ስላስጨበጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አራተኛ ክፍል ያልጨረሰን ሰው በአንድ ጀንበር የማሠልጠኛ መምህር የሚያደርግ ሹም በየትኛው አገር ይገኛል!

ይሁን እንጂ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ/ እኔ የማውቀው በሚዛን የሚሠራውን ሒሳብ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኤክስ የምትባለውን ከአርባ ሠልጣኞች ጋር ስንፈልጋት ውለን፣ ሳናገኛት ደወል ተደወለ።

2ኛ/ በዚህ ዓመት ብቻ ስድስት መምህራን ሸኝተናል። ከተማው ለሽኝት የሚታረድ በሬ አጠረው።

3ኛ/ ከአርባዎቹ አንዷ ልጄ ከድጄ ናት። በሰኔ ተፈትና መምህርት ልትሆን ነው። አባቷ አስተምሯት ከወደቀች፣ ወየው ለእኔ! እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄ ይጠፋል፤ ልጅቷ ሌላ ዕድል የላትም።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ቆሼ ሄጄ ሸረፋን ለቅሶ ደረስኩት። ምን እንዳስቀየመው ብጠይቀው የደመወዝ ነገር አላነሳም። እርስዎ ሁለት ዓመት ሙሉ በስሙ ጠርተውት እንደማያውቁ፣ እግዜር ያጽናህ እንኳ ሳይሉት ዋስ እንደጠየቁት ብቻ ነገረኝ። አብሬው አለቀስኩ፣ መምህር ብዬ ጠራሁት፣ እንመለስ አልኩት፤ መጣ። ዘዴው ይኸው ነው፣ አቶ ዱባለ፤ በነጻ ይውሰዱት።

ታዲያ የመጣው ወደ እርስዎ እንዳይመስልዎ። ከሰኞ ጀምሮ በበርበሬ መጋዘኔ ውስጥ ያስተምራል። አርባዎቹም እያስነጠሱ ይማራሉ። ከድጄ ኤክስን ትናንት አገኘቻት፤ እልል ብዬ ሰፈሩን አስደነገጥኩት!

ለአንድ ሳምንት የመምህርነት ክብር ስላበቁኝ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ጠመኔውን ከዚህ ጋር አያይዤ የመለስኩ፣

ሙሀመድአወል ከድሮ
በርበሬ ነጋዴ፣ የቀድሞ የሒሳብ መምህር

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት የጂኦግራፊና የሳይንስ መምህራኑ መጥተው ሌላ መጋዘን እንዳለኝ ጠየቁኝ። በርበሬውን እያስወጣሁ ነው።