በጨረቃ ላይ ስለሚሠሩ ሰዎች ሲሟገቱ የኖሩት እኅታችን የሕይወት ታሪክ

እኅታችን የማዕድን ጉድጓድ አሳንሰር ኦፕሬተር ከነበሩት አባታቸውና የኩባንያው ክሊኒክ ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በ1952 ዓ.ም. በማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን ታናሽ ወንድማቸውን ፊደል ያስቆጠሩት፣ ጫማ ማሰር ያስተማሩት፣ ሲያጠፋም ጆሮውን የሚቆነጥጡት እርሳቸው ነበሩ።

ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ማዕድኑ አለቀ። ኩባንያው ማሽኖቹን ነቃቅሎ ሲሄድ ጄኔሬተሩንም ጭኖ ሄደ፤ የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ የሚሠራው በዚያ ነበርና ቧንቧው ደረቀ። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ አስተማሪዎቹም ሻንጣቸውን እያነሡ ወጡ። ቤተሰቡ ወደ ከተማ ሲገባ አባታቸው የመጋዘን ዘበኛ ሆኑ፤ ከጉድጓዱ ይዘውት የወጡት የሳንባ በሽታ ግን ብዙ ጊዜ አልሰጣቸውም።

እኅታችን ቀን በመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይነት እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ በ1976 ዓ.ም. በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1978 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። የዶክትሬት ጥናታቸው ማዕድን ሲያልቅ የሠራተኛው ሰፈር ምን እንደሚሆን የሚመረምር ነበር። ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ።

መንግሥታትና ኩባንያዎች ጨረቃ ላይ ለመቆፈርና ሰው ለማኖር ማቀዳቸውን ሲሰሙ ግን ዕረፍት አጡ። እዚያ ውሃው ብቻ ሳይሆን አየሩም የአሠሪው ነው። ሥራው ሲቆም ሰዎቹን ማን ይመልሳቸዋል? ከትርፉስ ማን ይካፈላል? ሥራው ራሱ የሠራተኛውን ኑሮ ሳያናጋ፣ ከስሮም ሳይዘጋ እንዴት ሊዘልቅ ይችላል? ይህን የሚያጠኑበት የምርምር ገንዘብ መጠየቅ ጀመሩ። የቴክኖሎጂው ፈንድ “ይህ የማኅበራዊ ጥናት ነው” ይላቸዋል፤ የማኅበራዊ ጥናቱ ፈንድ “ይህ የሮኬት ጉዳይ ነው” ብሎ ይመልሳቸዋል። ባልደረቦቻቸው “የጨረቃ ከንቲባ” የሚል ስም አወጡላቸው። አንዱማ በመምህራን ላውንጅ፣ “ዶክተር፣ የጨረቃ ቤት እየሠሩ ነው አሉ” ቢላቸው፣ “ካርታ አልሰጥ ብለውኝ ነው እንጂ መሠረቱንስ አውጥቼዋለሁ” ብለው አብረው ሳቁ። ቤታቸው ሲገቡ ግን አይስቁም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. አንድ የምርምር ፈንድ እሺ አላቸው። በኮሪደሩ ጫፍ የተሰበረ ወንበር ይከማችበት የነበረ ክፍል ተለቀቀላቸው፤ ራሳቸው ጠርገው ገቡበት። ሦስት ወጣት ተመራማሪዎችም ቀጠሩ። ሰው ትንፋሹን ሳይቀር በአሠሪው እጅ አስቀምጦ እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ፣ ጡረታ የወጡ ማዕድን ቆፋሪዎችን፣ ባሕር ላይ ነዳጅ ሲያወጡ የኖሩ በያጆችን፣ በበረዶ ምድር የምርምር ጣቢያ የከረሙ አንዲት ወጥ ሠሪን ሳይቀር አነጋገሩ። በዚያ ሰሞን ያያቸው ሁሉ ልጅነታቸው የተመለሰ መስሎት ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ፈንዱ ትኩረቱን ቀየረና ገንዘቡን አቆመ። እኅታችን የፈንዱ ቢሮ ደጅ ላይ ሲመላለሱ ከርመው ኃላፊውን አገኙት።

“ዶክተር፣ እኔ ምን ላድርግ? ጨረቃ ላይ እኮ ገና ሰው የለም። ሰው ሲኖር ይምጡ” አላቸው።

“ሰው ከሄደ በኋላማ ውሉ ተፈርሟል። ያን ጊዜ ጥናት አይደለም፣ ለቅሶ ነው የምንደርሰው” አሉት።

ኃላፊው ተነሥቶ እስከ በሩ ሸኛቸው። መልሱ ግን ያው ነበር።

የወጣት ተመራማሪዎቹን ደመወዝ ለመክፈል ቤታቸውን ለመሸጥ ሲነሡ ባለቤታቸው፣ “ጨረቃ ላይ ለሚተኛ ሰው ብለሽ እኛን ሜዳ ላይ ልታስተኚን ነው?” አሏቸው። አንድ ሳምንት ያህል ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ የሽያጩን ውል ቀድመው የፈረሙት ግን ባለቤታቸው ነበሩ። ወደ ኪራይ ቤት ገቡ፤ ያም ገንዘብ አለቀ። አንደኛው ተመራማሪ ባንክ ተቀጠረ፤ ሌላው ወደ ውጭ ሄደ። ሦስተኛዋ እስክታረግዝ ድረስ ያለ ደመወዝ ስትሠራ ቆይታ፣ እኅታችን ራሳቸው፣ “ሂጂ ልጄ፣ ሕፃን ጨረቃ አይበላም” ብለው አሰናበቷት። ከሸኟት በኋላ በሩን ዘግተው አለቀሱ።

በ2014 ዓ.ም. ጎናቸውን ያማቸው ጀመር። የምርምር ገንዘብ ጥያቄያቸውን እንደገና የሚያይ የፈንዱ ኮሚቴ ሊቀመጥ ነበርና ምርመራውን ከዛሬ ነገ እያሉ አቆዩት። ኮሚቴውም አልተቀበላቸውም። ሐኪሙ ካንሰሩ መሠራጨቱን አይቶ፣ “እስከ ዛሬ የት ነበሩ?” ቢላቸው፣ “ስብሰባ ላይ” አሉት።

አልጋ ላይ ሆነውም ለፈንዱ ውድድር የሚገባ አዲስ ማመልከቻ ሴት ልጃቸውን ያጽፏት ነበር። እርሷም፣ “እማዬ፣ አሁንስ አይበቃሽም?” ስትላቸው፣ “ቢበቃኝማ ምን ነበረበት” ይሉ ነበር። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ፈንዱ ውድድሩን ጨርሶ መሰረዙ ተሰማ። ቤተሰቡ ወሬውን ሊደብቃቸው ተስማማ። ልጃቸው ፈገግ ብላ ገብታ፣ “ገና እየታየ ነው” አለቻቸው። ትክ ብለው አዩዋትና፣ “ተዪው፣ አትድከሚ። ፊትሽ ነግሮኛል” ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጨረቃ አላነሡም። ቤተሰቡም ማንሣቱን ፈራ።

እኅታችን ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ያላለቀው ጥናታቸው በካርቶን ታሽጎ በልጃቸው ቤት ይገኛል፤ የሚረከበው ተቋም እስካሁን አልተገኘም።

ፈጣሪ እኅታችንን ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን።